ከሕልሙ የነቃው ምልምል

ሰው እያለቀ ባለበት ጦርነት መሳቅ ይገባልን? ቻርሊ ቻፕሊን በ1918 (እ.ኤ.አ.) «ሾልደር አርምስ» የተሰኘውን ድምፅ አልባ ፊልሙን ሲሠራ፣ በጦርነት ማላገጥ አደገኛ ነው ሲሉ ያስጠነቀቁት ነበሩ። ፊልሙ ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ ሊቆም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለሕዝብ ቀረበ፤ ወታደሮችም ወደዱት።

እኔ ይህን ፊልም ያየሁት በክረምት፣ ወረታ ላይ፣ ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ በ1975 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከፎገራ ሜዳ የተወሰዱ ሰው ናቸው። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ያስገድድ ነበር። እሳቸው ግን ቤታቸው የገቡት ደርግ ሲወድቅ በ1983 ዓ.ም. ነው።

ፊልሙ ሲጀምር ቻርሊ ሰልፍ ላይ ነው። «ዙር» ሲባል እግሩ ይጠላለፋል። ልጆቹ ሳቁ፤ አጎቴ አልሳቁም። «እኛ የምናውቀው በሬ መመለስ ነበር፤ ግራ ዙርን ከየት እንወቀው?» አሉ። ምሽጉ ውኃ ሞልቶ ቻርሊ በግራሞፎን ጡሩምባ እየተነፈሰ ሲተኛ ግን ከሁላችን በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት እያየ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

የፊልሙ ትልቁ ቦታ ደብዳቤ የሚታደልበት ነው። ለቻርሊ የመጣ የለም። በሌላው ወታደር ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ የሰው ደብዳቤ ያነባል፤ ባለቤቱ ፈገግ ሲል ፈገግ ይላል፣ ሲያዝን አብሮ ያዝናል። አጎቴ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እናቴ ፊደል አልቆጠረች፤ ማን ይጻፍልኝ?» አሉ።

ድክመቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቻርሊ ብቻውን አሥራ ሦስት ጀርመኖችን ይማርካል፤ ካይዘሩን ራሱን ይይዛል። ጦርነት እንዲህ ቀላል ከሆነ ያ ሁሉ ወጣት ለምን አለቀ? ቻፕሊንም ይህን ሳያውቀው አልቀረም፤ ጀግንነቱ ሁሉ ሕልም ሆኖ ምልምሉ በማሠልጠኛው ድንኳን ውስጥ ይነቃል።

«እሱስ ነቃ» አሉ አጎቴ። «እኔንም አላህ መለሰኝ። በአንድ መኪና አብረውኝ የተጫኑትስ?»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ! በችግሩ መሳቅ አንድ ነገር ነው፣ በችግረኛው መሳቅ ሌላ። እግሩ በተጠላለፈው ምልምል ከመሳቃችን በፊት፣ ከእርሻው አንስቶ እዚያ ያቆመው ማን እንደሆነ እንጠይቅ።