ኤልየት ስሚዝን በጆሮ መመዘን

የኤልየት ስሚዝ ስም በተነሣ ቁጥር ወሬው ወዲያው ከሙዚቃው ወጥቶ ወደ ሕይወቱ ይዞራል፤ ስለ ድብርቱ፣ ስለ ሱሱ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2003 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ገና በ34 ዓመቱ ስለ መሞቱ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዘፈኑ ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን ከዚህ ውስጥ አንዱም አይናገርም። ያዘኑ ዘፋኞች ሞልተዋል፤ ሐዘናቸውን በዜማ፣ በኮርድና በቅንብር እንደ እሱ አጥብቀው የሠሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስሚዝ ከሁሉ በፊት ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሠራተኛ ነበር። ሥራውን የሚመዝን ሰውም መጀመር ያለበት ከዚሁ ሙያ ነው።

በአማርኛ አልበሞች ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ በየስሙ ይጻፋል። አድማጭም ማንን ማመስገን፣ ማንን መውቀስ እንዳለበት ያውቃል። በስሚዝ አልበሞች ላይ ግን ግጥሙ፣ ዜማው፣ ድምፁና አብዛኛው መሣሪያ የአንድ ሰው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ላይ ቀረጻው ጭምር። ስለዚህ በአንድ ሰው እጅ የተጠቀለለውን ሥራ መልሶ መለያየትና እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ መስማት የአድማጩ ፋንታ ይሆናል።

በትውልድ ስሙ ስቲቨን ፖል ስሚዝ የተባለው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 በኔብራስካ ግዛት ኦማሃ ከተማ ተወለደ፤ ከእናቱ ጋር ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አጠገብ አደገ። በልጅነቱ ፒያኖ፣ ቀጥሎም ጊታር ተማረ። በ14 ዓመቱ አባቱ ወደሚኖርበት ወደ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ሄደ። ሃምፕሻየር ኮሌጅ ፍልስፍናና ፖለቲካል ሳይንስ ተምሮ በ1991 ከተመረቀ በኋላ፣ ከኮሌጅ ጓደኛው ከኒል ገስት ጋር ሂትማይዘር የተባለውን ባንድ በፖርትላንድ አቋቋመ። ባንዱ የጊታር ጩኸት የበዛበት ነበር፤ ስሚዝም ከዚያ ጩኸት በላይ ለመሰማት መጮህ ነበረበት። ቤቱ ሲገባ የሚሠራቸው ዘፈኖች ግን ሹክ የሚባሉ ነበሩ።

ዘፈኑ ባዶውን ሲቀር

የመጀመሪያው የብቻ አልበሙ «ሮማን ካንድል» በ1994 ወጣ። የተቀረጸው በአንድ የፖርትላንድ ቤት ምድር ቤት፣ በባለ አራት ትራክ መቅረጫና በርካሽ ማይክሮፎን ነው። ካሴቱ ካቪቲ ሰርች ለተባለ ትንሽ የከተማው አሳታሚ የደረሰው ለናሙና ያህል ነበር፤ አሳታሚው ግን እንዳለ ላውጣው አለ። ከዘጠኙ ሥራዎች አራቱ ርእስ እንኳ የላቸውም፤ «ስም የለሽ» ተብለው ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸዋል።

የነጻ (ኢንዲ) ሙዚቃ ወዳጆች አንድ ልማድ አላቸው፤ የካሴቱን ሽርሽርታና የጣትን መፋቅ የቅንነት ማስረጃ አድርገው ይወስዳሉ። ሻካራ ቀረጻ ግን በራሱ ሙያ አይደለም፤ ደካማ ዘፈንም በምድር ቤት ይቀረጻል። መጠየቅ ያለበት ሁሉም ነገር ሲራቆት ዜማው ብቻውን ይቆማል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥሩ ፈተና አለ። ክሪስቶፈር ኦራይሊ የተባለው የክላሲካል ፒያኖ ተጫዋች በ2006 የስሚዝን ዘፈኖች ያለ ድምፅና ያለ ግጥም በፒያኖ ብቻ ተጫውቶ አንድ ሙሉ አልበም አወጣ። ዘፋኙ ከዘፈኑ ሲወጣ የሚቀረው ነገር አሁንም ጆሮ ይይዛል። በስሜት ብቻ የተሠራ ዘፈን ይህን ፈተና አያልፍም።

ምሥጢሩ ከኮርዶቹ አካሄድ ላይ ነው። ጀማሪ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ይዘላል። ስሚዝ ግን ብዙ ጊዜ ላይኛዎቹን ኖታዎች ባሉበት ይዞ ቤዙን አንድ አንድ ደረጃ ያወርደዋል፤ ወይም ብሩህ የነበረውን ሜጀር ኮርድ በሐረጉ መካከል አንዲት ኖታ ብቻ ለውጦ ወደ ማይነር ያጨልመዋል። ዜማው ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ዘፋኙም አያለቅስም። አድማጩ ግን ያረፈ ሲመስለው ከሥሩ አንድ ነገር እንደ ተንሸራተተ ይሰማዋል። ብዙዎች «የስሚዝ ሐዘን» የሚሉት ነገር ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

በተቃራኒው በ1995 በወጣው አልበሙ ላይ ያለው «ኒድል ኢን ዘ ሄይ» የሚይዘው በመንፈግ ነው። ከበሮ የለውም፤ ጊታሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ምት ይመታል፤ አድማጭ የሚጠብቀው እፎይታ ሳይመጣ ዘፈኑ ያልቃል። መቼ ማብዛት፣ መቼ መከልከል እንዳለበት የሚያውቅ እጅ እዚህ ይታያል።

ሁለት ጊዜ የተዘፈነ ድምፅ

የስሚዝ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ለትልቅ አዳራሽ የተፈጠረ አይደለም። እሱም ድምፁ የሌለውን ጉልበት ሊያስመስል አልሞከረም። ያደረገው አንዱን ዜማ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ እየዘፈነ ሁለቱን ቅጂ መደረብ ነው፤ በጊታሩም ላይ እንዲሁ አድርጓል። ዘዴው የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ ቢትልሶች በስፋት ተጠቅመውበታል። ጆን ሌነን አንዱን ዘፈን ሁለቴ መዝፈን ስለ ሰለቸው፣ ኬን ታውንሴንድ የተባለው የአቢ ሮድ ስቱዲዮ መሐንዲስ በ1966 ድምፅን በማሽን የሚደርብ ዘዴ ፈለሰፈ። ስሚዝ ግን ሌነን የሸሸውን አድካሚ መንገድ መረጠ።

ይህን ሙያ ለመፈተሽ በ1997 ከወጣው «ኢዘር ኦር» «ቢትዊን ዘ ባርስ»ን በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይበቃል። ትኩረቱ በቃላቱ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ «ስ»ና «ት» በሚያርፉበት ቦታ። ያልበሰለ ዘፋኝ ሲደርብ እነዚህ ድምፆች እየተቀዳደሙ ይንጫጫሉ። እዚህ ትንፋሹ ሳይቀር አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል። ግን ሁለቱ ቅጂዎች ፈጽመው አንድ አይሆኑም፤ በመካከላቸው የምትቀረው ትንሽ ልዩነት ድምፁን ታርገበግበዋለች። አድማጩ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ የሚያወራው የሚመስለው ለዚህ ነው።

ግጥሙ የሚያሳየውና የሚተወው

ለግጥሙ የተሻለው ምሳሌ በ1998ቱ «ኤክስ ኦ» ላይ ያለው «ዋልትዝ ቁጥር 2» ነው። ስልቱ ባለ ሦስት ምት ነው፤ የዳንስ ስልት። ትእይንቱ ሰዎች በማይክሮፎን የታወቁ ዘፈኖችን የሚዘፍኑበት የካራኦኬ ቤት ነው። አንድ ባልና ሚስት አሉ፤ ተራኪው ከሩቅ ይመለከታቸዋል። ስለ ትዳራቸው በቀጥታ የሚነግረን ነገር በጣም ጥቂት ነው። ይልቁንም ምን እንደ ተዘፈነ ይነግረናል፤ አንዱ የኤቨርሊ ወንድማማቾች የ1960 ዘፈን «ካቲስ ክላውን» ነው፤ ሌላው ደግሞ «ዩር ኖ ጉድ» ነው። የመጀመሪያው በፍቅር ስለ ተዋረደ ሰው የተዘፈነ፣ ሁለተኛው «አትረባም» የሚል ስድብ ነው። ባልና ሚስቱ በሰው ዘፈን እየተሰዳደቡ ነው ማለት ነው፤ በሕዝብ ፊት፣ በፈገግታ።

እዚህ ላይ መዛኝ ሊያስተውለው የሚገባው ስሚዝ የተወውን ነው። ተመልካቹ ማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደሚያመው አልተብራራም። ሰሚ በልጅ ዓይን ቢያየው ይሄዳል፤ በተተወ አፍቃሪ ዓይን ቢያየውም ይሄዳል። ደካማ ገጣሚ «አዝኛለሁ» ይላል። ስሚዝ የሁለት ዘፈኖችን ስም ጠርቶ ቀሪውን ለሰሚ ይተዋል።

ገንዘቡ ሲመጣ

ፖርትላንድ ይኖር የነበረው የፊልም ዳይሬክተር ጋስ ቫን ሳንት የስሚዝን ዘፈኖች ለ1997ቱ «ጉድ ዊል ሃንቲንግ» ፊልም ተጠቀመባቸው፤ «ሚስ ሚዘሪ» የተባለው ዘፈንም ለኦስካር ታጨ። ማርች 23 ቀን 1998 ስሚዝ ነጭ ሱፍ ለብሶ በሽልማቱ መድረክ ላይ አሳጥሮ ዘፈነው። ሽልማቱን ሴሊን ዲዮን የዘፈነችው የ«ታይታኒክ» ዘፈን ወሰደ። በዚያው ዓመት ከትንሹ አሳታሚ ከኪል ሮክ ስታርስ ወጥቶ በትልቁ አሳታሚ በድሪምወርክስ ሥር «ኤክስ ኦ»ን አሳተመ። አሁን ትልቅ ስቱዲዮ፣ የክርና የነሐስ መሣሪያዎች ነበሩት።

ነጻ ሙዚቀኛ ወደ ትልቅ አሳታሚ ሲሄድ «ተሸጠ» የሚሉ አይጠፉም። ጠቃሚው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የተጨመረው መሣሪያ ለዘፈኑ ምን ሠራለት? የ«ኤክስ ኦ» መክፈቻ «ስዊት አደላይን» መልሱን ይሰጣል። በጊታርና በድምፅ ብቻ፣ ልክ እንደ ቀድሞው ይጀምራል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዲያ ከቆየ በኋላ ከበሮው፣ ፒያኖውና የተደራረበው ሃርመኒ በአንዴ ይፈነዳሉ። መሣሪያዎቹ ዘግይተው የመጡት ዘፈኑ እስኪጠራቸው ነው። የአልበሙ መዝጊያ ደግሞ መሣሪያ የሚባል የለበትም፤ የራሱ ድምፆች ብቻ ተደራርበው መዘምራን ይሆናሉ። በእጁ ያለውን ሁሉ መጠቀም ግዴታ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ብቻ አልበሙን እንዲህ ይዘጋል።

የ2000ው «ፊገር ኤይት» ግን ሁሌ እንዲህ አልተቆጠበም። ከፊሉ በአቢ ሮድ ነው የተቀረጸው፤ 16 ዘፈኖች አሉት። ቢያንስ ሦስት ቢቀነሱለት ይሻለው ነበር፤ በአንዳንዱም ቅንብሩ ዜማውን ይጫነዋል። ቢሆንም ከባዶ ጊታር ተነሥቶ ቀስ በቀስ የሚሞላው «ካንት ሜክ ኤ ሳውንድ» ከምርጦቹ አንዱ ነው።

ከማን ወሰደ፣ ማንስ ከእሱ ወሰደ

የስሚዝ ትምህርት ቤት ከሁሉ በፊት የቢትልሶች ነጩ አልበም ነው። በመድረክ የኪንክስንና የዞምቢስን ዘፈኖች ይጫወት ነበር፤ የቢግ ስታር «ሰርቲን» በእሱ ድምፅ በ2007ቱ የቀሪ ሥራዎች ስብስብ «ኒው ሙን» ላይ ይገኛል። ተጽእኖ ሲመዘን መመሳሰልን መቁጠር ብቻ አይበቃም። ከቢትልሶች ሃርመኒውንና የኮርዱን ብልሃት ወሰደ፤ የአደባባይ ደስታቸውን ግን ትቶ ሁሉን ወደ ጠባብ ክፍል አገባው። ተጽእኖውን የራሱ ያደረገው በዚህ ነው።

ከእሱ የወሰዱትም በዚሁ ሚዛን ይታያሉ። ፍራንክ ኦሽን በ2016 «ብሎንድ» አልበሙ ከስሚዝ ዘፈን ቁራጭ ወስዶ ሩቅ ወደ ሆነ የአርኤንድቢ ዓለም አስገባው። ፊቢ ብሪጀርስ የ2020 አልበሟ መጠሪያ የሆነውን «ፐኒሸር» ስለ እሱ ነው የዘፈነችው፤ የተደረበ ለስላሳ ድምፁን ብትወርስም ቀልዷና ትእይንቷ የራሷ ናቸው። ሹክሹክታውን ብቻ የቀዱት ግን ቁጥር የላቸውም፤ ኮርዱን ስላልተማሩ ዘፈናቸው ከጆሮ አይቀርም።

ከሞተ በኋላ በ2004 የወጣው «ፍሮም ኤ ቤዝመንት ኦን ዘ ሂል» በመጨረሻ ቢደመጥ ይሻላል። ድንቅ ዘፈኖች አሉበት፤ ነገር ግን ያጠናቀቁት ሮብ ሽናፍና ጆአና ቦልም ስለሆኑ የቅንብሩንና የቅደም ተከተሉን ምስጋናም ወቀሳም ሙሉ በሙሉ ለስሚዝ መስጠት አይቻልም።

አዲስ አድማጭ ከ«ኢዘር ኦር» ይጀምር፤ ሳያቋርጥ፣ በቅደም ተከተሉ ይስማው፤ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቀጥሎ «ኤክስ ኦ»ን ይያዝ። «ኤክስ ኦ» በቅንብር ይበልጣል፤ «ዋልትዝ ቁጥር 2»ም የስሚዝ ምርጡ ዘፈን ነው። እንደ አልበም ግን ብልጫው የ«ኢዘር ኦር» ነው። ከ12ቱ ዘፈኖች የሚጣል የለም፤ አንድ ሰው አብዛኛውን በገዛ እጁ ተጫውቶ ከሠራቸው የሮክ አልበሞች መካከልም የሚስተካከሉት በጣም ጥቂት ናቸው።