በወንፈል የተሠራ ፊልም፤ ስለ አቶ ኃይሌ ገሪማ የተማሪነት ሥራዎች

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ እንደ እርሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ጉልበት ያነሰውም እንዲሁ ወንፈል ይገባል። ወንፈል ከደቦ የሚለየው በዚህ ነው፤ በደቦ ባለ እርሻው ጠላውን ጠምቆ፥ እንጀራውን ጋግሮ የመጣውን ሁሉ አብልቶ ያሰናብታል፤ በወንፈል ግን የጉልበት ዋጋው ጉልበት ነው። ዛሬ ለአንዱ የታጨደ እንደ ሆነ ነገ ለሌላው ይታጨዳል። ገንዘብ የሚጠይቅ የለም፤ ተራውን የሚረሳም የለም።

ገንዘብ የሌለው ተማሪ አጭር ፊልም ለመሥራት በተነሣ ጊዜ የሚገባው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። አንዱ ጓደኛው ካሜራ ይይዝለታል፤ ሁለተኛው መብራት ያቆምለታል፤ ሦስተኛው ድምፅ ይቀዳለታል፤ አራተኛይቱም ከልብስ ሣጥንዋ ያወጣችውን ቀሚስ ለብሳ ትጫወትለታለች። በሚመጣው ወር ደግሞ እርሱ በተራው መብራት ተሸካሚ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሥራ ለመመዘን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር፥ በጓደኞች ላብ የታረሰው እርሻ ምን ፍሬ ሰጠ የሚለው ነው።

የቅኔ ተማሪ ቀለምና ብራና ባይኖረው በልቡ ይቆጥራል፤ ፊልም ግን በልብ ብቻ አይሠራም። በተለይ ቀድሞ፥ ሥዕሉ በኬሚካል በሚታጠብ ጥቅል ላይ ይነሣ በነበረበት ዘመን፥ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ ነበረው። ተማሪዎች ይሠሩበት የነበረው ባለ 16 ሚሊሜትር ፊልም 100 ጫማ ርዝመት ያለው ጥቅሉ 3 ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ጥቅሉን መግዛት፥ ማጠብ፥ ማተም ሁሉም በገንዘብ ነው። ስለዚህ ድኻው ተማሪ ካሜራውን ከማስነሣቱ በፊት የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለይቶ መቁረጥ ግድ ይሆንበታል። በሁለት ቤት ብቻ ምስጢሩን ጨርሶ እንዲዘጋ የሚገደደው የጉባኤ ቃና ተቀኚ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተማሩት ጥቁር ተማሪዎች ናቸው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። በዚያች ከተማ ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሠፈር በነሐሴ 1965 ታላቅ ሁከት ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ፥ በፊልም ትምህርት ቤት የጥቁሮችና የሌሎችም በቁጥር ያነሱ ወገኖች ልጆች የራሳቸውን ሕዝብ ኑሮ እንዲያነሡ የሚያስችል ክፍል ተከፈተ፤ በዚህም የደከሙት ጥቁሩ መምህር ኤሊሴዮ ቴይለር ናቸው። ቻርልስ በርኔት፥ ላሪ ክላርክ፥ ጁሊ ዳሽ፥ ቢሊ ውድበሪ እና ሌሎችም በየጊዜው ከዚያው ወጡ። ኋላ በ1986 ሐያሲው ክላይድ ቴይለር ለማኅበራቸው «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» የሚል ስም አወጣላቸው።

ከእነዚህ መካከል አንዱ የጎንደሩ ተወላጅ አቶ ኃይሌ ገሪማ ናቸው። የተወለዱት በ1946 ሲሆን፥ አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ የተውኔት ደራሲና «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ ሰው ነበሩ። አቶ ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪቃ ተሻግረው በቺካጎ የቴአትር ትምህርት ጀመሩ፤ በ1970 ደግሞ ወደ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያ የሠሯቸው ሁለት አጫጭር ፊልሞች ዛሬም ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው በ1971 የተሠራው «አወር ግላስ» ነው፤ ትርጓሜውም የአሸዋ ሰዓት ማለት ነው። ርዝመቱ ወደ 13 ደቂቃ ነው። ነገሩ ስለ አንድ ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ወጣቱ ነጮች ተመልካቾች እያዩት ይጫወታል፤ በኋላ ግን የፍራንዝ ፋኖንን መጻሕፍት ማንበብ፥ የማርቲን ሉተር ኪንግን፥ የማልኮም ኤክስንና የአንጀላ ዴቪስን ነገር ማሰብ በጀመረ ጊዜ፥ ለማን ደስታ እንደሚሮጥ ራሱን ይጠይቃል።

በዚህ ሥራ ሰሙና ወርቁ ተስማምተዋል። ሰሙ ኳስ ነው፤ ወርቁ ግን ጉልበቱ የሚፈለግ፥ አሳቡ የማይፈለግ ሰው ነው። ኳስ መጫወትን የሚያውቅ ሁሉ ሰሙን ያለ አስተርጓሚ ያየዋል፤ ጥቂት ያሰበ እንደ ሆነም ወርቁን ራሱ ያገኘዋል። የስሙም አመራረጥ መልካም ነው። በአሸዋ ሰዓት ውስጥ አሸዋው ወርዶ ያለቀ እንደ ሆነ ዕቃው ካልተገለበጠ በቀር ጊዜ አይቈጠርም፤ ወጣቱም ኑሮውን መገልበጥ እንዳለበት ስሙ አስቀድሞ ይነግራል። አንድ ተጫዋች፥ አንድ ሜዳ፥ ጥቂት መጻሕፍት፤ ይህ ሁሉ በተማሪ አቅም የሚገኝ ነው። ደራሲው በእጁ ባለው ነገር ተቀኝቷል እንጂ በሌለው ነገር አልተመኘም።

ሁለተኛው በ1972 የተሠራውና 36 ደቂቃ የሚፈጀው፥ በአማርኛ «የእምቢታ ልጅ» ሊባል የሚችለው ፊልም ነው። መነሻው ሕልም ነው። ወይዘሮ አንጀላ ዴቪስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማረች ሴት ናት፤ በጥቅምት 1970 ተይዛ ሞት ሊያስፈርድባት በሚችል ክስ ታስራ ነበር፤ በሰኔ 1972 በነጻ ተለቃለች። አቶ ኃይሌ እጅዋ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ባዩ ጊዜ ሕልም አለሙ፤ ያንንም ሕልም ፊልም አደረጉት። ስለ ሕዝብዋ ነጻነት በመታገልዋ የታሰረችውን ሴት ሆና የምትጫወተው ባርባራ ኦ. ጆንስ ናት። ከእስር ክፍልዋ ሆና ተስፋዋንና ፍርሃትዋን ታልማለች፤ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ከባለ ቀለሙ ጋር እየተፈራረቀ፥ ጊዜና ቦታም ወሰናቸውን እየለቀቁ ይታያሉ።

የዚህ ሥራ ታላቅ ምስጋና የሚገባው ለተዋናይቱ ፊትና ለክፍሉ ጥበት ነው። ብዙ ቤት መሥራት የማይችል ተማሪ አንዲት ጠባብ ክፍል ይበቃዋል፤ ጠባብነቷም ራስዋ ትርጓሜ ሆናለች። ድህነት በዚህ ስፍራ ለጥበብ አገልጋይ ሆነ።

ነቀፌታም ሊቀርበት አይገባም። ሥዕሉ አስቀድሞ የተናገረውን የሴቲቱ የውስጥ ድምፅ ደግሞ ይናገረዋል። ካቴናውን ያየ ተመልካች ስለ ካቴናው ሲሰበክለት፥ ራሱ ሊያገኘው የነበረውን ወርቅ ሌላ ሰው ከእጁ እንደ ቀማው ይሆንበታል። ምሳሌዎቹም ተደራርበው ስለሚመጡ፥ አንዱ ሳይፈታ ሌላው ይተካል። ቅኔ ሰሙ ሲበዛ ይጨልማል፤ ወርቁ ሲራቆት ደግሞ ስብከት ይሆናል። ይህ ሥራ በአንድ በኩል ጨልሞ በሌላው በኩል ተራቁቷል። ሠላሳ ስድስቱ ደቂቃ ወደ ሃያ ቢወርድ ኃይሉ በበረታ ነበር።

ለዚህ የሚሰጥ መልስ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ጊዜው የጩኸት እንጂ የቅኔ አልነበረም፤ ሰው ታስሮ ሞት ሲጠብቀው ሰምና ወርቅ የሚለካ ማን ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሆኖም የመልሱን መልስ የሰጡት አቶ ኃይሌ ራሳቸው ናቸው። በ1976 በወጣው፥ በአገራቸው በኢትዮጵያ በሠሩት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ረዥም ፊልም፥ ባላባቱ ከፍ ባለ ስፍራ ተቀምጦ ሲያዝዝ፥ ጭሰኛውም ከታች ሲደክም ይታያል። ግልጡን ነገር እንዲናገር የተመረጠው ግን ሰዎች እብድ የሚሉት ከበበ ነው። እብድና እረኛ የወደዱትን ቢናገሩ አገር ያውቀዋል፤ ስለዚህ ያው ቁጣ፥ ያው ጩኸት፥ በዚህ ጊዜ የሚስማማውን ሰም ለብሶ ወጣ። በተማሪነት የተገኘው ጉድለት በኋለኛው ሥራ ታርሟል።

ወደ ወንፈሉ ነገር ስንመለስ ያ ማኅበር የተጠቀመው በጉልበት ብቻ እንዳልሆነ እናያለን። ባርባራ ኦ. ጆንስ በ1975 ለተጠናቀቀው «ቡሽ ማማ» ለተባለው የአቶ ኃይሌ ረዥም ፊልም ዋና ተዋናይት ሆነች፤ ካሜራ ከያዙት አንዱም ቻርልስ በርኔት ነበር። የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ካሜራ የያዙትን ጥቁሮች አስቁመው ሲፈትሿቸው ሥዕሉ ተነሥቶ ነበርና፥ አቶ ኃይሌ ያንኑ የፊልሙ መክፈቻ አደረጉት። መከራው ራሱ እንደ አንድ ወንፈለኛ ተቈጠረ ማለት ነው።

በርኔት በበኩሉ በ1969 «ጥቂት ወዳጆች» የሚል አጭር ፊልም በጓደኞቹና በዘመዶቹ ተዋናይነት ሠርቶ ነበር። ከዚያም በ1972 እና በ1973፥ በዕረፍት ቀን እየተሰበሰቡ፥ ከ10,000 ብር አሜሪቃ በማይበልጥ ወጪ ስለ አንድ የበግ አራጅ ኑሮ ለመመረቂያው የሚሆን ፊልም አነሣ፤ በ1977ም አቀረበው። በዚያ ፊልም ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ የመኪና ሞተር ገዝተው በደረጃ ላይ በስንት ድካም ያወርዱታል፤ በጭነት መኪናው ጫፍ ላይ ያኖሩታል፤ መኪናው በተነቃነቀ ጊዜ ሞተሩ ወድቆ ይሰበራል፤ ትተውትም ይሄዳሉ። ስለ ድኻ ድካም ከንቱ መሆን የሚናገር ድምፅ የለም። ሞተሩ ሰም ነው፤ ኑሮው ወርቅ ነው፤ የቀረው ለተመልካቹ ተትቷል። ይህን ከ«የእምቢታ ልጅ» ጋር ያስተያየ ሰው፥ እኩል ድኻ ከሆኑ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ በዝምታ፥ ሌላው በቁጣ እንደ በረቱ ይረዳል።

እዚህ ላይ ስለ ተማሪ ፊልም በየስፍራው የሚነገር አንድ ስሕተት መታረም ይገባዋል። በባዶ ኪስ ተሠርቷልና አይነቀፍ የሚሉ አሉ። የቅኔ መምህር ግን ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ማደሩን እያወቀ ቤቱ ያልመታውን ቅኔ መልሶ ያስቆጥረዋል እንጂ ስለ ረኃቡ አያሳልፈውም። ማሳለፍ ርኅራኄ ሳይሆን ንቀት ነው። ይልቁንም ሥራው በጓደኞች ነጻ ጉልበት የተሠራ እንደ ሆነ፥ የሚፈለግበት ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ገንዘብ የባከነ እንደ ሆነ ይተካል፤ የጓደኛ ሌሊት ግን አይተካም። ጉድለቱን አይቶ ለወዳጅነት ሲል ዝም ያለ ጓደኛም ወንፈሉን ከፈለ አይባልም፤ መብራት ከመሸከም ይልቅ እውነት መናገር የከበደ ጉልበት ነውና።

በወንፈል የማይከፈል ዕዳ መኖሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። በርኔት በፊልሙ ውስጥ የታወቁ ዘፈኖችን አግብቶ ነበር፤ የባለመብቶቹ ፈቃድ ግን በጊዜው አልተገዛም። ፊልሙ በ1990 በአሜሪቃ ከሚጠበቁት የአገር ቅርስ ፊልሞች ጋር ቢቈጠርም፥ በየሲኒማ ቤቱ ለመታየት እስከ 2007 መጠበቅ ሆነበት፤ ለዘፈኖቹ የተከፈለውም ወደ 150,000 ብር አሜሪቃ ደረሰ። ከፊልሙ ወጪ ከዐሥራ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ጓደኛ ተራውን ይጠብቃል፤ የዘፈን ባለቤት ግን አይጠብቅም።

ዛሬ ካሜራ በየኪሱ ባለው ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ የሚታጠብ ጥቅልም ቀርቷል። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የሚያልቅ ነገር ስለሌለ፥ ወጣቱ ሦስት ሰዓት ቢያነሣ የሚከለክለው የለም። ድህነት በግድ ያስተማረውን መቁረጥ አሁን በፈቃድ መማር ግድ ሆኗል። የጓደኛ ሌሊት ግን እንደ ዱሮው ውድ ነው። ስለዚህ ጓደኞቹን ሰብስቦ አጭር ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ፥ ካሜራውን ከማስነሣቱ በፊት ሰሙ ምን እንደ ሆነ፥ ወርቁም ምን እንደ ሆነ ለባልንጀሮቹ በሁለት ቃል ይንገራቸው። መናገር ካልቻለ እርሻው ገና አልተመነጠረምና፥ ወንፈለኞቹን አይጥራ።