ጥር 19 ቀን የሚከበር ጥምቀት፤ በብዙ ቋንቋ ስለሚዘጋጁ ድረ ገጾች የአማርኛ ትርጉም

በጎንደር ጥምቀት ጥር 11 ቀን እንደሚከበር ለአገሬው መንገር ትርፍ ነው። ዳሩ ግን የአንድ የጉብኝት ድረ ገጽ አማርኛ ክፍል፣ በዓሉ በፋሲለደስ መጠመቂያ «ጥር 19 ቀን» እንደሚውል ሲያስታውቅ ይህ ጸሐፊ አንብቧል። የአዘጋጁን ስም ማንሳት አያስፈልግም፤ ስሕተቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። እንግሊዝኛው ገጽ ቀኑን ጃንዋሪ 19 ይላል፤ ይህም በአብዛኛው ዓመት ትክክል ነው። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ትቶ የወሩን ስም ብቻ ለወጠ። በውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ ማንበብ የቻለ ወጣት ይህን አምኖ የአውሮፕላን ቲኬት ቢቆርጥ፣ ጎንደር የሚደርሰው ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ከተመለሱ ከሳምንት በኋላ ነው። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። «ጠዋት 8:00» የሚለውን ማስታወቂያ ያነበበ ሰው በ2 ሰዓት መገኘት እንዳለበት በምን ያውቃል?

ተርጓሚውን በቋንቋ አላዋቂነት መክሰስ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ጃንዋሪን ከጥር ጋር ያስተካከለው እሱ አይደለም፤ ቃልን በቃል ትይዩ ያስቀመጥን እኛ የቃላት ዝርዝር አዘጋጆች ነን። አካዳሚው በ1989 ዓ.ም. ያወጣው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» ድረ ገጽ በአገራችን ከመለመዱ በፊት የተዘጋጀ ስለሆነ በዚህ አይወቀስም። የምንወቀሰው ከዚያ ወዲህ የሠራን ነን። ድረ ገጽ ለተርጓሚ የሚሰጠው እንደ ድርሰት ተያይዞ አይደለም፤ ተቆራርጦ በሠንጠረዥ ነው። ተርጓሚው «ቡክ» የሚል አንድ ቃል ብቻውን ሲያገኝ «መጽሐፍ» ይላል፤ የተፈለገው ግን የሆቴል «ቦታ ማስያዣ» ነበር። በዚሁ መንገድ «ሆም» ቤት፣ «ባክ» ጀርባ ሆነው ይቀራሉ። ሦስቱም በመዝገበ ቃላት ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም በገጹ ላይ ስሕተት ናቸው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስቸግረው የትእዛዝ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ትእዛዙን ለሁሉም ባንድ ቅርጽ ይናገራል፤ አማርኛ ግን ጾታን፣ ቁጥርንና አክብሮትን ሳይለይ ማዘዝ አይችልም። ባንድ ገጽ ላይ «ግባ»፣ «ይመዝገቡ»፣ «ሰርዝ» ተደርድረው ሲታዩ ያው አንባቢ አንዴ አንተ፣ አንዴ እርስዎ፣ እንደገና አንተ ይባላል። ጎንደር ላይ ሽማግሌን «ግባ» የሚል ልጅ ባለጌ ይባላል። አንባቢዋ ሴት ከሆነች «ግቢ» ሊባል ነው፤ በዚያ ከተማ ደግሞ ግቢ ሲባል የሚታሰበው የነገሥታቱ ግቢ ነው። ሁሉንም «ይግቡ» ማለት አንድ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን የቋንቋው ሰዋስው የተሻለ ነገር አስቀምጦልናል። ይኸውም የቦታና የመሣሪያ ስም ነው፦ መግቢያ፣ መመዝገቢያ፣ መሰረዣ። ይህ ቅርጽ ማንንም አያዝ፣ ማንንም አይንቅ፤ አጭርም ነው።

ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚገጣጥመው ዐረፍተ ነገር ሌላው ችግር ነው። የቦታውንና የቁጥሩን ክፍት ቦታ ሲሞላ «በ ጎንደር 1 ሆቴሎች ተገኝተዋል» ይላል። በዚህ «በ» ከስሙ ተለይቶ ብቻውን ቆሟል፤ አንዱ ሆቴልም በብዙ ቁጥር ተጠርቷል። ተርጓሚው ይህን በቃላት ምርጫ ሊያድነው አይችልም፤ ዐረፍተ ነገሩን «ጎንደር፦ የተገኙ ሆቴሎች ብዛት 1» ብሎ እንደገና እንዲሠራ መፈቀድ አለበት።

የስም ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ጉግል የትርጉም አገልግሎቱን በየካቲት 2008 ዓ.ም. ለአማርኛ ካዳረሰ ወዲህ፣ ከውጭ ፊደል ተገልብጦ የሚመለስ ስም በዝቷል። «ግቢ»ን «ገቢ» ብሎ መመለስ ለማሽን የአንድ ፊደል ነገር ነው፤ የፋሲል ግቢም የፋሲል ገቢ ይሆናል። በደጋው ያለው እንስሳ ስሙ ጭላዳ ሲሆን፣ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስመዘገበው «ገላዳ» የሚለው አጠራር ተመልሶ መጥቶ «ገላዳ ዝንጀሮ» ተብሏል፤ ዝንጀሮ ሌላ ፍጥረት ሆኖ ሳለ። ራስ ደጀንም ራስ ዳሽን ከሆነ ቆይቷል። ደጀን በአማርኛ ፍች ያለው ቃል ነው፤ ዳሽን የለውም። ዛሬ ባንክና ቢራ በዚሁ ስም ስለሚጠሩ ይህንን መመለስ የሚቻል አይመስለኝም። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድም የሰሜን ተራሮች «የሰሜን አቅጣጫ ተራሮች» ሆነው ይወጣሉ፤ በዚያው ገጽ ያለው ሰሜን ጎንደር ግን በእርግጥ የአቅጣጫ ስም ነው። ሁለቱን ማሽን አይለያቸውም፤ ሰው ነው የሚለያቸው።

በመጨረሻም ከተማዋ ራሷ አለች። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ለ«ጎ» እና ለ«ጐ» የተለያየ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ መፈለጊያው ካልተዘጋጀ በቀር «ጐንደር» ብሎ የፈለገ ሰው «ጎንደር» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ «ፀ»ዎችና በስድስቱ የ«ሀ» ድምፅ ፊደሎች በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ትርጉም ጠፋ ተብሎ አቤቱታ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የጠፋው ትርጉም ሳይሆን ፊደል ነው፤ አስቀድሞ መመርመር ያለበትም ይኸው ነው።

ለሚቀጥለው የቃላት ዝርዝራችን የማቀርበው ሐሳብ፣ እያንዳንዱ ቃል የሚውልበት ዐረፍተ ነገርና በገጹ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ አብሮ እንዲታተም፣ የማይተረጎሙ ስሞችም ከጎንደር፣ ከዳባትና ከደባርቅ ተናጋሪዎች ተሰብስበው ለብቻቸው እንዲዘረዘሩ ነው። የአውሮፓውያን ወሮች ደግሞ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ እየተባሉ ይቀመጡ፤ ጥር ለጥር ይተው።