የሴል “ፖስታ ቤት” የት ላይ ያሳስተናል?

ስለ ሴል የሚያስረዱ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች አንድ የሚወዱት ምሳሌ አላቸው፦ ፖስታ ቤት። ፕሮቲን ይሠራል፣ አድራሻ ይጻፍበታል፣ ይጫናል፣ ቤቱ ይደርሳል። ምሳሌው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጉንተር ብሎበል ፕሮቲኖች መድረሻቸውን የሚወስን ምልክት በራሳቸው ላይ እንደሚይዙ በማሳየቱ በ1999 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ለብዙ ፕሮቲኖች ምሳሌው ጥሩ ይሠራል። ሊፖፕሮቲኖች ላይ ሲደርስ ግን ያሳስታል። እስቲ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ እንየው።

ኢ. ኮላይ ሁለት ሽፋን አለው፤ ውስጠኛና ውጨኛ። በመካከላቸው ውሃማ ክፍተት አለ። ሊፖፕሮቲን ማለት ደግሞ ጫፉ ላይ ሦስት የስብ ሰንሰለቶች የተተከሉበት ፕሮቲን ነው። ስቡ እንደ መልህቅ ሽፋኑ ላይ ይይዘዋል። የሚጠናቀቀው ውስጠኛው ሽፋን ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ሊፖፕሮቲኖች የሚሠሩት ግን ውጨኛው ላይ ነው። መሻገር አለባቸው ማለት ነው።

አሁን ችግሩ ይታያችሁ። ቅቤ ውሃ ውስጥ ጣል ብታደርጉ አይሟሟም፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል እንጂ። የሊፖፕሮቲኑ ጭራም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ክፍተቱ ውስጥ ኤቲፒ የለም፤ የሴሉ ዋና የኃይል ምንዛሬ እዚያ አይገኝም። የፖስታ ቤቱ ሥዕል ይህን ሁሉ በአንዲት ቀስት ይዘለዋል። የመጀመሪያው ቅሬታዬ ይሄ ነው፦ ከባዱን ነገር ደብቆ ቀላሉን ይነግረናል።

መልሱን ቀስ በቀስ ያወጣው በጃፓን የሃጂሜ ቶኩዳ ቡድን ነው፤ ሥራው በ1990ዎቹ ጀመረ። ውስጠኛው ሽፋን ላይ ሎል ሲዲኢ የሚባል ማሽን አለ። ኤቲፒውን ከሴሉ ውስጥ እየወሰደ ሊፖፕሮቲኑን ከሽፋኑ ነቅሎ ያወጣል። ከዚያ ሎል ኤ ለሚባል ተሸካሚ ይሰጠዋል። ሎል ኤ ስብ የሚወድ ጎድጓዳ አለው፤ ጭራውን እዚያ ሸሽጎ ውሃውን ያሻግረዋል። ማዶ ላይ ሎል ቢ ይቀበለዋል። ሎል ቢ ሊፖፕሮቲኑን ከሎል ኤ አጥብቆ ስለሚይዝ ርክክቡ ተጨማሪ ኃይል አያስፈልገውም። ተመራማሪዎቹ ይህን “ከአፍ ወደ አፍ” ይሉታል፤ ወፍ ጫጩቷን እንደምትመግበው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ አድራሻው ላይ ነው። በኢ. ኮላይ ወሳኙ ስቡ ከተተከለበት አሚኖ አሲድ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። እሱ አስፓርቴት ከሆነ ሊፖፕሮቲኑ ውስጠኛው ሽፋን ላይ ይቀራል። ሌላ ከሆነ ባብዛኛው ይሻገራል። ይህ በ1988 እ.ኤ.አ. የታወቀ ነገር ነው። ልብ በሉ፤ ምልክቱ “ወደዚያ ሂድ” አይልም፣ “እዚሁ ቅር” ነው የሚለው። ምሳሌ ከተፈለገ ሚኒባስ ይሻላል፦ ዝም ያለ ሁሉ መጨረሻው ፌርማታ ይደርሳል፣ “ወራጅ አለ” ያለ ብቻ ይቀራል። እሱም ቢሆን ጎዶሎ ነው፤ አስፓርቴት ያለው ፕሮቲን መጀመሪያውኑ አይሳፈርም። ደንቡም የሁሉም ባክቴሪያ አይደለም። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ለምሳሌ ሦስተኛውንና አራተኛውን አሚኖ አሲድ ያያል።

ሦስተኛው ቅሬታ ትልቁ ነው። ፖስታ ቢጠፋ ጠፋ ነው፤ ፖስታ ቤቱ አይፈርስም። እዚህ ግን ይፈርሳል። ኢ. ኮላይ በብዛት ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች አንዱ ኤልፒፒ የተባለው ሊፖፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ሳይሻገር ውስጠኛው ሽፋን ላይ ከቀረ ከሴሉ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ግራቦዊችና ሲልሃቪ ነገሩን ገልብጠው አሳዩ፦ ኤልፒፒንና ሌላ አንድ ሊፖፕሮቲን አስወግደው፣ የሴሉን አንድ የጭንቀት ምላሽ ሲያነቁ፣ ኢ. ኮላይ ሎል ኤም ሎል ቢም ሳይኖሩት መኖር ቻለ። ስለዚህ የሚሻገሩበት ሌላ መንገድም አለ ማለት ነው። ያቺ አንዲት ቀስት ግን አሁንም ብዙ ሥዕል ላይ ብቻዋን ናት።

“ታዲያ ምን አገባን?” ትሉ ይሆናል። ብዙ መድኃኒቶችን ከውጭ የሚያግደው ያው ውጨኛው ሽፋን ነው። እሱን የሚገነቡት ማሽኖች ውስጥ ያለ እነሱ ሴሉ መኖር የማይችልባቸው ሊፖፕሮቲኖች አሉ። ሎልን ያስቆመ መድኃኒት ግንባታውንም ያስቆማል፤ ሎል ሲዲኢን የሚያግዱ ኬሚካሎች በላብራቶሪ ተገኝተዋል። ባክቴሪያው ግን ሊላመዳቸው ይችላል። መንገዱ አንድ ብቻ ነው ብሎ የተማረ ሰው መድኃኒት ሲያስብ አንዱን በር ዘግቶ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል።

ስለዚህ ቀጣዩን የሴል ሥዕል ስታዩ ቀስቷ ላይ ቆም በሉና ጠይቁ፦ ምን ላይ ነው የምታልፈው? ኃይሉስ ከየት መጣ? ባይደርስስ ምን ይሆናል?