ሃያና ኀምሳ አንድ በመቶ

ክርክርን ከሚገድቡ የምክር ቤት ደንቦች ሁሉ የከፋው የንግግርን ጊዜ የሚያሳጥረው አይመስለንም፤ 547 መቀመጫ ያለው ሸንጎ ያለ ሰዓት ገደብ ሥራውን ሊፈጽም አይችልምና። የምንነቅፈው ነገሩ ጨርሶ እንዳይነሣ የሚያደርገውን ደንብ ነው።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ የሰባተኛና የመላው መርካቶ መራጭ ከቀረው ከተሜ ጋር ድምፁን ሰጥቶ፣ የአዲስ አበባ 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ ለተቃዋሚው ቅንጅት ደረሱ። እስከዚያ ድረስ አጀንዳ ለማስያዝ 20 አባላት ይበቁ ነበር። እንግዲህ የከተማዋ ተመራጮች ብቻቸውን፣ ማንንም ሳይለምኑ፣ አንድ ጉዳይ ለሸንጎው ሊያቀርቡ በቻሉ ነበር። ተሰናባቹ ምክር ቤት ግን ከመነሣቱ በፊት ቁጥሩን 51 በመቶ አደረገው። ይህን ያህል ድምፅ ያለው ወገን ሕጉንም ብቻውን ያጸድቃል፤ ታዲያ ከማን ጋር ይደራደራል? በሰባተኛ ገበያ እንኳ ሻጭ ዋጋ ሳይጠራ ገዢ «ቀንስ» ሊል አይችልም።

ቅንጅት ወደ ምክር ቤቱ ለመግባት ካቀረባቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ የዚህ ደንብ መሻር ነበር። ብዙዎቹ ተመራጮቹ በመስከረም 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ወንበራቸውን ሳይዙ ቀሩ፤ በጥቅምት 22 ቀንም መርካቶ ውስጥ ግጭት ተነሣ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ደንቡ ብቻ ነው አንልም፤ ዋናው ጠብ በምርጫው ውጤት ላይ ነበር። ነገር ግን ለጠቡ መነጋገሪያ የሚሆነውን በር አጥብቧል። ምክር ቤቱ የአሠራር ደንቡን በዚያው በ1998 ዓ.ም. አሻሻለው፤ ያን ጊዜ የቅንጅት መሪዎች እስር ቤት ነበሩ።