ያልተቀደመው መኪና

የመኪና ውድድር የሚሰለቸው መቀዳደም ሲጠፋ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ የ2005ቱን የኢሞላ ፎርሙላ 1 ፈልገህ እይ እለዋለሁ። ፈርናንዶ አሎንሶ ፊት ነው፤ ሚካኤል ሹማከር ከኋላው ተለጥፏል። የሹማከር ፌራሪ በግልጽ ይፈጥናል፤ ማለፊያ ግን የለም። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ “አሁን አለፈው!” ትላላችሁ፤ አያልፈውም። አሎንሶ በ0.215 ሰከንድ አሸነፈ። መጨረሻውን እያወቅኩት እንኳ ሳየው እጄን ያልበኛል።

ሞናኮ 2024 ላይም እንዲሁ ከፊት የነበሩት አልተቀዳደሙም። በመጀመሪያው ዙር ግጭት ቀይ ባንዲራ ወጣ፤ ቡድኖቹ ቆመው ሳለ ጎማ ቀየሩ፤ የመቀየር ግዴታቸውም እዚያው አለቀ። የቀረው ጎማ እየቆጠቡ መንዳት ነበር። የመጀመሪያዎቹ አስሩ በተነሱበት ቅደም ተከተል ጨረሱ። ሻርል ለክሌር በአገሩ ማሸነፉ ደስ ይላል፤ ውድድሩ ግን እንቅልፍ ነው። (ጥፋቱን ሁሉ ጎማ ላይ እንዳንጭን፣ በ2005 በውድድር መሃል ለስልት ብሎ ጎማ መቀየር ክልክል ነበር።)

ልዩነቱ ስጋት ነው። ኢሞላ ላይ መሪው የሚፈራው ነገር ነበረው።

ራሊ ላይማ ተፎካካሪው ጭራሽ አይታይም፤ መኪኖቹ በየተራ ተነስተው ከሰዓት ጋር ይሮጣሉ። ቢሆንም በ2011 የዮርዳኖስ ራሊ ሴባስቲያን ኦዢዬ ላትቫላን የበለጠው በ0.2 ሰከንድ ነው።

የ24 ሰዓቱ ሌ ማንስ መሃሉ ይሰለቻል፤ ሌሊቱን ብትተኙ አልወቅሳችሁም። ብቻ በ2016 ሲመራ የነበረው ቶዮታ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኃይል አጥቶ ቆመ፤ ድሉን ፖርሼ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የሚመራ መኪና ድምፁ ትንሽ ሲቀየር ጆሮዬ ይቆማል።