የመሪ ሥራ በምን ይታወቃል?

ግቢው ውስጥ የመሪ ፓምፕ የቀየረ ሰው ሞተሩን አስነስቶ መሪውን በአንድ ጣት ሲያዞረው ፊቱ ይፈካል። ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ለመሪ መቅለል ብዙ ነጥብ አልሰጥም። ፓምፑ ግፊት እስከፈጠረ ድረስ መሪው ይቀልላል፤ አየር የገባበት፣ ቱቦው በደንብ ያልታሰረ፣ ቺንጋው በቅጡ ያልተወጠረ ሥራም ለሁለት ለሦስት ቀን በአንድ ጣት ይዞራል። ሥራ የሚያውቅ ሰው መሪውን ከመንካቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት ማጠራቀሚያውን ነው የሚያየው።

የማወራው ፓምፑ በቺንጋ ስለሚሽከረከር የዘይት መሪ ነው። በአውሮፓውያን 1990ዎቹ ተሠርተው አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ከሚሮጡት ኮሮላዎች ብዙዎቹ ይህን የያዙ ናቸው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ በ1926 መኪና ላይ ገጥሞ ካሳየው፣ ክራይስለርም በ1951 ለገበያ ካወጣው ብዙም አልራቀም፤ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ቫልቩ መንገድ ይመርጥለታል፣ ግፊቱ ጎማውን ለማዞር ያግዛል። ዘይት አይታመቅም ቢባል ያስኬዳል፤ አየር ግን ይታመቃል። ከጥገና በኋላ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው የሚወለደው ከዚህ ነው።

ዴክስሮን የሚባለው የመሪ ዘይት ንጹሕ ሲሆን ቀይና ጥርት ያለ ነው። አየር ሲቀላቀልበት ይነጣል፣ ይደፈርሳል፣ ላዩ አረፋ ይይዛል። አረፋው ለዓይን ባይታይም ከሁሉም የምወደው መፈተኛ አለ። ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ዘይቱ የት ድረስ እንደሆነ ይታያል። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጥቂት ተጠብቆ ዳግም ይታያል። ከፍ ካለ፣ ውስጥ ታምቆ የነበረው አየር ተዘርግቶ ዘይቱን ወደ ላይ ገፍቶታል ማለት ነው። የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ሳያይ መኪና የሚያስረክብ መካኒክ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ ለእኔ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

አየሩ እንዴት እንደወጣ መጠየቅም ብዙ ያሳውቃል። ችኩሉ ሰው ዘይት ሞልቶ ወዲያው ሞተር ያስነሳና መሪውን ወዲያና ወዲህ ያላጋዋል፤ ፓምፑም ዘይቱንና አየሩን እንቁላል እንደሚመታ ሹካ ያዋሕዳቸዋል። ጥንቁቁ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ፣ መኪናውን ጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፎ፣ ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ደጋግሞ ያዞራል፤ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር ይሞላል። ሞተር የሚያስነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔም መሪውን ጫፍ ላይ ጨቁኖ አይይዝም፤ እዚያ ላይ ግፊቱ ወሰኑ ድረስ ይወጣል፣ ዘይቱም ቶሎ ይግላል። አረፋ ካየ ሞተሩን አጥፍቶ ሌላ ሥራ ይሠራል። አረፋ በጊዜ እንጂ በጉልበት አይወጣም።

ቀጥሎ ጆሮ ነው። የሞተሩን ፍጥነት ተከትሎ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ቀጭን የለቅሶ ዓይነት ድምፅ ካለ ፓምፑ አየር እየጠጣ ነው፤ ወይም ዘይት ጎድሎታል። መሪው እስከ ጫፍ ሲዞር ብቻ ሲጥ የሚል ጩኸት ደግሞ የቺንጋ ነው፤ ክረምት ላይ ከዝናብ በኋላ ጠዋት ጠዋት የሚብሰውም ይኸው ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው ለቺንጋ በሽታ ፓምፕ ይገዛል። የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ደግሞ ያገለገለ ፓምፕ አይጠፋም፤ ችግሩ ከአሮጌው መኪና ይዞት የመጣው ዝቃጭ ነው። ያገለገለ ፓምፕ ከተገጠመ አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ መውጣቱንና ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ወንፊት መታጠቡን መጠየቅ ነው። የተደፈነ ወንፊት አዲሱን ፓምፕ ሳይቀር ያስለቅሳል።

መሬት ላይ ጠብታ አለመኖሩ ብዙ ሰው ያታልላል። ከፓምፑ ወደ መሪ ሳጥኑ የሚሄደው ቱቦ ከፍተኛ ግፊት ስላለበት ሲበላሽ ዘይት ወደ ውጭ ይተፋል፤ ሌሊቱን ከሥር የተዘረጋ ካርቶን ያጋልጠዋል። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው ግን የሚስብ ቱቦ ነው። እዚያ ላይ ያለ ክፍተት አንዲት ጠብታ ሳያወጣ አየር ያስገባል። የደረቀ አሮጌ ቱቦ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ማሰሪያ ሳይ ጥርጣሬ የሚገባኝ ለዚህ ነው፤ ማሰሪያው ጎማውን ይጨብጣል እንጂ አያለሰልሰውም። የግፊቱ ቱቦ በቡሎን የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ግራና ቀኙ ያሉት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አዲስ መሆን አለባቸው። አንዴ ተጨፍልቀው ቅርጽ የያዙ ናቸው፤ ዳግም ሲታሰሩ እንደ መጀመሪያው አይገጥሙም።

አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ። ፓምፑ ላይ ሁለት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ይገጠማሉ፤ ሥራቸው መሪው ሲዞር ሞተሩ እንዳይደክም ጥቂት አየር መጨመር ነው። እዚያ ያለው ትንሽ ቫልቭ ካረጀ ሞተሩ የመሪ ዘይት ይስባል፤ ዘይቱ ያለ ጠብታ ይጎድላል፣ ጭስ ማውጫው ነጭ ያጨሳል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ሞተሩ የተቃጠለ ይመስለዋል። ቱቦዎቹ ሳይገጠሙ ከቀሩ ደግሞ መኪናው ሲቆም ወይም ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጠፍ ሞተሩ ሊረበሽ ይችላል። በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራ የግፊት መለኪያ ያላቸው መኪናዎችም ሶኬቱ ካልተሰካ እንዲሁ ይቸገራሉ።

ስለ ዘይቱ ዓይነት አጭር ነኝ፤ የተገዛውን ጣሳ ማየት በቂ ነው። ለአብዛኛው ቶዮታ ዴክስሮን ይሆናል፤ ሆንዳ የራሱን ዘይት ይፈልጋል፤ ከጀርመን መኪኖች ብዙዎቹ አረንጓዴ የሃይድሮሊክ ዘይት ይይዛሉ። የፍሬን ዘይት የተጨመረበት ከሆነ ግን የሥራው ጥራት መመዘኑ ይቆይ። በመሪው ውስጥ ያሉት የላስቲክ ማኅተሞች ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፤ ቶሎ ካልወጣ ሳጥኑን ራሱን ያሳጣል።

አሁን መሪው ይነካ። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ ወደ ቀኝ ጫፍ ስንት ዙር፣ ወደ ግራ ጫፍ ስንት ዙር እንደሚሄድ ይቆጠር፤ እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ መገጣጠሚያው አንድ ጥርስ ተዘልሎ ገብቷል፣ ወይም ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ርዝመት ተዛብቷል። መሪው ጠማማ ሆኖ መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደም ጥርጣሬው ያው ነው። የመሪ ሳጥን ሲወርድ መሪው ታስሮ ካልቆየ፣ ከመሪው ሥር ያለው የኤርባግ ጥቅል ሽቦ ከልኩ በላይ ተጠምዝዞ ይበጠሳል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት የሚበራው ያኔ ነው። ይህን መብራት አምፖሉን ነቅሎ የሚያጠፋ ሰው አለ። እንዲህ ላለ ሰው ፍሬን አላስነካም።

ወደ ሁለቱም ጎን የሚከብድ መሪ ፓምፑን፣ ቺንጋውን ወይም ዘይቱን ይወቅሳል። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚከብድ ግን የሳጥኑን ቫልቭ ወይም የውስጥ ማኅተሞች ያመለክታል፤ ፓምፕ መቀየር አይረዳውም። ጎማዎቹ በአየር ላይ ተነሥተው፣ ማንም ሳይነካው መሪው በራሱ ወደ አንድ ጎን የሚዞር ከሆነ ቫልቩ ነው። ይህ ምናልባት ከጥገናው በፊትም የነበረ ሕመም ስለሆነ የሠራውን ሰው በእሱ መክሰስ ፍትሐዊ አይደለም።

የእጅ አሻራም ይነበባል። ቺንጋው የሚያዞረው የፓምፑ ፑሊ ላይ የመዶሻ ጠባሳ ካለ፣ ዘንጉና ውስጡ ተመቷል፤ ፑሊው በብዙ ፓምፖች ላይ በመሳቢያ ወጥቶ በመግጠሚያ የሚገባ ነው። የቱቦ ፍሬዎች ጠርዛቸው በፒንሳ ተበልቶ ከሆነ ትክክለኛ ቁልፍ አልነበረም። ከመፈታቱ በፊት በቀለም የተደረገ ምልክት ካየሁ ግን እምነቴ ይጨምራል። ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተር ብዙም አያስደስተኝም፤ አንዳንዴ የታጠበው ፍሳሹ ነው። ጠርጎ አድርቆ፣ ሁለት ቀን ነድቶ፣ እንደገና በባትሪ መብራት ከሥር ማየት ይሻላል።

ቪትዝና ያሪስ የያዙ ሰዎች ከዚህ ውስጥ አብዛኛው አይመለከታቸውም። የእነሱ መሪ በብዛት በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ነው፤ ዘይት የለውም። ባትሪ ተነቅሎ ወይም መሪው ተፈትቶ ከሆነ የሚጠየቀው የመሪው መብራት መጥፋቱና የማዕዘን መለኪያው ቀጥታውን ዳግም መማሩ ነው።

ከሳምንት በኋላ የዘይቱ ልክ ይታይ። ትንሽ ጎድሎ ከሆነ የቀረ አየር ወጥቷልና ይሞላ። በሁለተኛውም ሳምንት ከጎደለ ግን መሙላቱ ይቁምና የሚስበው ቱቦ፣ ቀለበቶቹና እነዚያ ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች አንድ በአንድ ይፈተሹ።